ከመጽሐፉ ጋር ያልገጠመውን ቁጥር አታጥፉት

ልጆቼ ሰላም ናችሁ? እኔ 28 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣ ፈተና አውጥቼ፣ ፈተና አርሜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ እና ዛሬ የምጽፍላችሁ ሳይንስ እንዴት እንደሚጠና ብቻ ሳይሆን እኛ አስተማሪዎቹ እንዴት እንደምናስተምራችሁና እንደምንፈትናችሁም ጭምር ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ በኩል ተቀምጬ ያየሁትን እናንተ ከዴስክ ላይ ሆናችሁ ልታዩት አትችሉም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ማስተማር በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት የፔንዱለም ላብ ነበረን፣ ያው ክር ላይ የብረት ኳስ አንጠልጥሎ ማወዛወዝ፣ ጊዜውን በስቶፕዋች መያዝ፣ ከዛ የመሬት ስበት አክስለሬሽንን፣ ጂ የምንላትን፣ ማስላት። መልሱ 9.8 እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፣ መጽሐፉ ላይ አለ፣ እኔም ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ሪፖርቱ ሲሰበሰብ ሁሉም 9.8፣ 9.79፣ 9.81 እያሉ መጡ፣ አንዲት ልጅ ብቻ 9.3። ለነሱ ከአስር አስር ሰጠሁ፣ ለሷ ሰባት።

ማታ ላይ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ልጅቷ የለካችውን ሁሉ ሳትደብቅ ጽፋዋለች፣ ክሩ 60 ሴንቲ ሜትር፣ 20 ውዝዋዜ በ31.9 ሰከንድ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ስሌቷ አንድም ስህተት የለበትም። በነጋታው ዕቃውን አውጥቼ ራሴ ለካሁት። ለካ መለካት የነበረበት ክሩ ብቻ ሳይሆን እስከ ኳሱ መሃል ድረስ ነው፣ የቀረችው ያቺ 3 ሴንቲ ሜትር ናት፣ 63 ብላችሁ ብታሰሉት ቁጥሩ ቀጥ ብሎ 9.8 ይመጣል። እሺ፣ እሷ ተሳስታለች ልበል? ያዘጋጀሁትን ወረቀት ሳየው "የክሩን ርዝመት ለኩ" ነው የሚለው። የኔ ጽሑፍ። ማለትም ወረቀቱን ተከትሎ የሠራ ተማሪ ሁሉ 9.3 ነበር ማግኘት የነበረበት! የቀሩት ከመልሱ ተነስተው ወደ ኋላ ነው የሠሩት፣ አስር የሸለምኳቸውም ለዛ ነው። ክፍል ገብቼ ይህንኑ ነገርኳቸው፣ የልጅቷንም ማርክ አስተካከልኩ፣ ግን ከዛ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ስንቱን እንዲህ አድርጌ እንዳስተማርኩት ሳስበው እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

ይሄን የምነግራችሁ በተማሪ ለመፍረድ አይደለም። ተማሪ ማርክ ወዳለበት ነው የሚሄደው፣ እኛ ማርኩን መልሱ ላይ ብቻ ካስቀመጥነው መልሱን ያመጣልናል፣ ከየትም ይሁን ከየት። ችግሩ ግን እንደዛ ስትለምዱ ሳይንሱ ራሱ ከእጃችሁ ይወጣል፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ግኝቶች የመጡት ብዙ ጊዜ ካልገጠመ ቁጥር ነው። ሎርድ ራይሌ የሚባል እንግሊዛዊ ፊዚሲስት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1890ዎቹ መጀመሪያ የናይትሮጅንን ክብደት እየለካ ነበር፣ ከአየር ያወጣው ናይትሮጅን በሊትር 1.257 ግራም አካባቢ፣ ከኬሚካል ያወጣው ደግሞ 1.251 አካባቢ። ልዩነቱ ግማሽ ፐርሰንት ገደማ ናት! ከናንተ ስንቱ ነው ይቺን "በቃ የመለኪያ ስህተት ናት" ብሎ የማያልፋት? እሱ አላለፋትም፣ ደጋግሞ ለካ፣ በጽሑፍ አውጥቶ ሌሎቹን ጠየቀ፣ ከዛ ዊልያም ራምሴ ከሚባል ኬሚስት ጋር ሆነው በ1894 ማንም የማያውቀው ጋዝ አየር ውስጥ እንዳለ አሳወቁ። አርገን። ከምትተነፍሱት አየር አንድ ፐርሰንት የሚጠጋው እሱ ነው፣ እስከዛን ጊዜ ግን ማንም እንዳለ አላወቀም ነበር። በ1904 ሁለቱም ኖቤል አገኙ፣ ራይሌ በፊዚክስ ራምሴ በኬሚስትሪ።

ስለዚህ ላብ ስትገቡ ሪዛልታችሁ ካልገጠመ ልታደርጉት የሚገባው ነገር ቁጥሩን እንዳለ ጽፎ ከየት እንደመጣ መፈለግ ነው። ደግሞ "ሂዩማን ኢረር" ብላችሁ አትለፉ፣ ይህቺን ቃል በሺ የሚቆጠር ሪፖርት ላይ አንብቤያታለሁ፣ ምንም አትነግረኝም። የትኛው ስህተት? በስንት ያዛባል? ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ለምሳሌ ስቶፕዋች ስትጫኑ እጃችሁ የ0.2 ሰከንድ ያህል ሊዘገይ ይችላል እንበል። አንድ ውዝዋዜ ብቻ ከለካችሁ፣ እሱ 1.6 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ስህተቱ ከስምንት አንድ እጅ ሆነ ማለት ነው፣ ፎርሙላው ላይ ጊዜው በራሱ ስለሚባዛ ጂ ላይ ሲደርስ እጥፍ ገደማ ይሆናል። 20 ውዝዋዜ ብትለኩ ግን ያቺው 0.2 ለ32 ሰከንድ ትከፋፈላለች፣ አንድ ፐርሰንት እንኳን አትሞላም። 20 ጊዜ የሚባለው ለዚህ ነው እንጂ አስተማሪው ሊያደክማችሁ ፈልጎ አይደለም፣ ግን እውነቱን ለመናገር እኛም ምክንያቱን የምንነግራችሁ ስንቶቻችን ነን።

ሽምደዳን በተመለከተ ደግሞ፣ መሸምደድ በሙሉ መጥፎ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፣ የኤለመንት ምልክት ሳያውቅ ኬሚስትሪ የሚያስብ ሰው የለም። የምፈራው ሸምድዶ ያወቀ መምሰሉን ነው። የፎቶሲንተሲስን እኩልታ አንድም ሳያጎድሉ የሚጽፉ ልጆች "አንድ ትልቅ ዛፍ ያ ሁሉ ግንድ ከየት መጣለት?" ስትሏቸው "ከአፈር" ይሏችኋል። እኩልታው ላይ እኮ አፈር የሚባል ነገር የለም! ቫን ሄልሞንት የተባለ ሐኪም ከዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ይሄን ሞክሮታል፣ 90 ኪሎ የሚሆን ደረቅ አፈር መዝኖ የአኻያ ችግኝ ተከለበት፣ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው፣ ዛፉ ከ2 ኪሎ ተነስቶ ወደ 77 ኪሎ ደረሰ፣ አፈሩ ግን የቀነሰው 60 ግራም የማይሞላ ነው። እሱም "እንግዲያው ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው" አለ፣ እዚህ ላይ ተሳሳተ፣ አብዛኛው ክብደት የመጣው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃው ነው። ግን እዩት፣ ድምዳሜው ቢወድቅም ቁጥሮቹን በሐቅ ስላስቀመጠልን ዛሬም እናስተምርባቸዋለን።

አጠናን ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኖታችሁን ደጋግሞ ማንበብ የገባችሁ እንዲመስላችሁ ያደርጋል፣ ዓይን ስለለመደው። በፈረንጆቹ 2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይሄን ፈትነውታል፣ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን የበለጡት ደብተር ዘግተው የሚያስታውሱትን ለመጻፍ የታገሉት ናቸው። ስለዚህ ደብተሩን ዝጉት፣ ባዶ ወረቀት አውጡ፣ የጠፋባችሁን እዩት። ያስጠላል፣ አውቃለሁ።

ፈተናን በተመለከተ፣ ምርጫ ጥያቄ ላይ እኔ ማየት የምችለው ያከበባችሁትን ፊደል ብቻ ነው፣ ገብቷችሁ ይሁን ገምታችሁ አላውቅም፣ እዛ ላይ ልረዳችሁ አልችልም። የሥራ ጥያቄ ላይ ግን ብዙ ልረዳችሁ እችላለሁ፣ እናንተ ግን አታስረዱኝም! የማረሚያው ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ለፎርሙላው፣ ቁጥር ለመተካቱ፣ ለመልሱና ለዩኒቱ ለየብቻ ነው ማርክ የሚያዘው፣ ልጁ ግን ካልኩሌተር ላይ ሠርቶ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ያስቀምጣል፣ እሷ ከተሳሳተች ዜሮ ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለኝም። ግራፍ ላይም ነጥቦቹን ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ መሰላል አታገናኟቸው፣ በመሃላቸው የሚያልፍ አንድ መስመር ነው የሚፈለገው፣ ከመስመሩ የራቀ ነጥብ ካለ አክብቡትና ለምን እንደራቀ የሚመስላችሁን ጻፉ።

እና አንዳንዴ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የማይመስል መልስ ይመጣባችኋል፣ የአንድ ሯጭ ፍጥነት በሰከንድ 400 ሜትር ምናምን። ድምፅ እንኳን አየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው። እንደገና ለመሥራት ጊዜ ከሌላችሁ ሰርዛችሁ ባዶ አትተዉት፣ አጠገቡ "ይሄ ሊሆን አይችልም፣ ከድምፅ ይፈጥናል፣ ዩኒት ስቀይር ሳልሳሳት አልቀረሁም" ብላችሁ ጻፉበት። ከዛች የ9.3 ልጅ በኋላ በነበሩኝ ዓመታት እንዲህ ብሎ ለጻፈልኝ ልጅ ማርክ ሳልሰጥ ቀርቼ አላውቅም።