ዋጋ ተመካክሮ መወሰንና ድርጅት ጠቅልሎ መግዛት፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የምሠራ ጠበቃ ነኝ፤ የያዝኩት በአብዛኛው የንግድ ክርክር ነው። ዛሬ ማታ ስለ ንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጠይቁኝ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። የድርጅት ስም እየጠራችሁ አትክሰሱ፤ በስም ማጥፋት ትጠየቃላችሁ። ደግሞም "ኑሮ ተወደደ" ጥያቄ አይደለም።

ሰላም ነኝ፦ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም ናረ። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም?

መልስ፦ ማሳሰቢያውን አላነበብሽም፣ እህቴ። ዋጋ መጨመር በራሱ ጥፋት አይደለም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወዷል። ሕጉ የሚጠይቀው ነጋዴው ለብቻው አስቦ ጨመረ ወይስ ከተፎካካሪው ጋር ተመካክሮ ነው።

የዘጌ መንገደኛ፦ ጋሼ፣ እንግዶች ይዤ ወደ ዘጌ ልሻገር ስል ጀልባዎቹ ሁሉ የሚጠሩት አንድ ዋጋ ነው። አንዱ በስልክ ቀንሶልኝ ነበር። ወደቡ ስንደርስ ግን ሌሎቹ "ዋጋ ሰብረሃል" ብለው ከተራ አስወጡት። ይሄ ነገር ያስኬዳል?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! አንቀጽ 7ን ተመልከት። ጎን ለጎን የሚፎካከሩ ነጋዴዎች የሚያደርጉትን ስምምነት ሕጉ ለሁለት ይከፍለዋል። አንዳንዱ ስምምነት ጉዳትም ጥቅምም ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ ማረፊያውን በጋራ መጠገን፣ የነፍስ አድን ጃኬት በጋራ መግዛት። እዚያ ላይ "ጥቅሙ ያመዝናል" ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ሦስት ነገሮች ግን ይህ በር ተዘግቶባቸዋል፦ ዋጋ በጋራ መወሰን፣ ጨረታ ላይ መመሳጠር፣ ገበያ መከፋፈል። "ለበጎ አስበን ነው" ብትል አያድንህም።

ተራ መያዝ ብቻውን ችግር የለበትም። ወደብ ላይ መገፋፋትን ያስቀራል። የቀነሰውን ሰው ከተራ ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ስምምነቱ መኖሩን ከቅጣቱ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አንድ ዋጋ መጥራት ብቻውን ግን አይበቃም። ነዳጁ አንድ፣ መንገዱ አንድ ስለሆነ ዋጋቸው በራሱ ሊገናኝ ይችላል። ታሪፉን ያወጣው መንግሥት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ካፒቴን፦ ጋሼ፣ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቱሪስት የለም፣ ነዳጅ ሰልፍ ነው፣ ሞተሩ መለዋወጫ ይፈልጋል። እርስ በርስ ዋጋ ብንሰባበር ጀልባውን በምን እናድሰው? የተበላሸ ጀልባ መሀል ጣና ላይ ቢቆም ማን ሊጠየቅ ነው?

የዘጌ መንገደኛ፦ ታዲያ የቀነሰውን ሰው ምን አስቀጣው? ከሠራ ይሥራ!

ካፒቴን፦ አንድ ቀን ይቀንስና በማግስቱ የሰው ነዳጅ ይለምናል። እኛ እናውቀዋለን።

መልስ፦ ካፒቴን፣ ችግራችሁ እውነት ነው። ችግር ግን ዋጋ ለመወሰን ፈቃድ አይሰጥም። የደኅንነት ስጋቱ በምርመራና በፈቃድ ይፈታል እንጂ በዋጋ ስምምነት አይፈታም። ጀልባዎቹ ሁሉ በእርግጥ የአንድ ድርጅት ንብረት ቢሆኑ፣ ትርፍና ኪሳራውም የጋራ ቢሆን፣ ነገሩ ይለወጣል። ሰው ከራሱ ጋር አይመሳጠርም። እያንዳንዱ የራሱን ጀልባ ይዞ፣ የራሱን ገንዘብ እየቆጠረ "ማኅበር ነን" ማለት ግን አያድንም። ማኅበርም በዚህ ሕግ ይጠየቃል።

ባለሱቅ፦ ሲሚንቶ ለምን ተወደደ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ስሜ ይቆይ፦ አንድ መሥሪያ ቤት ለወንበር ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ ጠየቀ። ጓደኛዬ እንዲያሸንፍ ብዬ ከፍ ያለ ዋጋ ሞልቼ፣ ማኅተሜን መትቼ ሰጠሁት። ሁሉም ያደርገዋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠየቀው ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ ዋጋ እንዲሰጡ ነው። አንተና ጓደኛህ ከተነጋገራችሁ የቀረበው አንድ ዋጋና ሁለት ጌጥ ነው። ይህ ጨረታ ላይ መመሳጠር ይባላል፤ ከላይ ካልኳቸው ሦስት በራቸው የተዘጋ ነገሮች አንዱ። ቅጣቱ ከዓመት ሽያጭህ በመቶኛ የሚሰላ ነው። ወንበሩን አልሸጥክም፣ አንዲት ብር አላተረፍክም፤ ሆኖም ተጠያቂ ነህ። የመንግሥት ግዥ ከሆነ ደግሞ የግዥ ሕጉም አለ፤ ከጨረታ ያሳግድሃል።

"ሁሉም ያደርገዋል" የምትለውን ተው። መርማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነጻጽረው ፕሮፎርማዎቹን ነው። በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ ተከታታይ ቀን። ሰነዱ ራሱ ይናገራል።

ስሜ ይቆይ፦ ዋጋውን እሱ ሞልቶ እኔ ማኅተሙን ብቻ ባውሰውስ?

መልስ፦ ይባስ ብሎ።

አከፋፋይ፦ የምወስድበት ድርጅት "ከዚህ ዋጋ በታች ከሸጥክ እቃ አልሰጥህም" አለኝ።

መልስ፦ የዳግም መሸጫ ዝቅተኛ ዋጋ መወሰን ክልክል ነው፤ ያው አንቀጽ 7። በጽሑፍ እንዲልክልህ ጠይቀው።

ዲጂታል፦ ቴሌ ሞኖፖሊ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ብቸኛ ነበር። ትልቅ መሆን ጥፋት አይደለም። አንቀጽ 5 የሚከለክለው ትልቅነትን አላግባብ መጠቀምን ነው። ቴሌኮም ደግሞ የራሱ አዋጅ አለው፣ 1148/2011። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ገብሴ፦ ስለ ውህደት፣ ማለትም አንዱ ድርጅት ሌላውን ጠቅልሎ ስለመግዛቱ፣ ምንም አላሉም። የቢራ ፋብሪካዎቹ ሁሉ የውጭ ሰው እጅ ገቡ። ይህን የሚያይ የለም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሔኒከን በ2003 በደሌንና ሐረርን ገዛ። ሜታ በ2004 ለዲያጆ ተሸጠ። በ2014 ደግሞ ጊዮርጊስን የሚጠምቀው ቢጂአይ ሜታን ከዲያጆ ገዛው። ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ብዙ ስም ነው። ባለቤቶቹን ስትቆጥሩ ግን ያንሳሉ። ከአንቀጽ 9 እስከ 11 ያለው ለዚህ ነው የተጻፈው። ውህደት ከመፈጸሙ በፊት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ጉዳዩን የሚመረምረው የመንግሥት አካል ይፈቅዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። አክሲዮን መግዛትም፣ አስተዳደሩን መረከብም ውህደት ሊሆን ይችላል። ከአገር የተሻገረ ከሆነ ደግሞ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ የተቀመጠው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የውድድር ተቆጣጣሪም አለ።

ጎንደሬው፦ ዳሸን እያለ ስለ ሌላ ቢራ ምን ያጨቃጭቃል?

ካፒቴን፦ ጊዮርጊስን ቀዝቀዝ አድርገህ ጣና ዳር ቁጭ በል፣ ከዚያ እናወራለን።

ጎንደሬው፦ ራስ ምታቱን ጨምረህ ንገረን እንጂ።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ስለ ጣዕም ሌላ ቦታ። ገብሴ፣ ስምህ ጥሩ ነጥብ አስታወሰኝ። ሰው ውህደት ሲባል የጠርሙሱን ዋጋ ብቻ ያያል። የቢራ ገብስ የሚዘራውን ገበሬ ማን አየው? ገዥዎች ሲቀንሱ እሱ የሚሸጥበት አማራጭም ይቀንሳል። ጠጪው ዋጋ ሳይጨምርበት ገበሬው ሊጎዳ ይችላል።

ዲጂታል፦ አሜሪካ እንኳ ዋጋ ካልጨመረ ዝም ትላለች ይባላል።

መልስ፦ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የሕግ ምሁሩ ሮበርት ቦርክና ተከታዮቹ "መለኪያው የሸማቹ ጥቅም ብቻ ነው" አሉ። ፍርድ ቤቶቹም ተቀበሉት። ከ2021 እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑን የመራችው ሊና ካን ግን ሠራተኛውንም አቅራቢውንም እንይ አለች። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ጄትብሉ የተባለው አየር መንገድ ርካሹን ስፒሪትን ሊገዛ ሲል ጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ዳኛ ከለከለ፤ ርካሽ ቲኬት ይጠፋል ብሎ። በዚያው ዓመት ኅዳር ስፒሪት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። አንዱ ወገን "ይኸው፣ መግዛቱ ያድነው ነበር" ይላል። ሌላው ደግሞ "የከሰረ ሁሉ ለተፎካካሪው ይሸጥ ካልን ሕጉ ምን ቀረው?" ይላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። እየከሰርኩ ነው የሚል ሻጭ መጀመሪያ ሌላ ገዥ እንደፈለገ ያሳይ።

ባንከኛ፦ የባንኮች ውህደትስ?

መልስ፦ ብሔራዊ ባንክን ጠይቅ።

ባለሱቅ፦ እሺ ሲሚንቶውስ? ነጋዴዎቹ ተነጋግረው ይሆናል እኮ!

መልስ፦ "ይሆናል" ይዘህ አትምጣ። ማን፣ መቼ፣ የት ተነጋገረ? መልእክት፣ ደረሰኝ፣ የዋጋ ዝርዝር አለህ? ከሌለህ ለሦስተኛ ጊዜ አትጠይቀኝ።

የዘጌ መንገደኛ፦ ያየሁትን የት ላመልክት? ባለሥልጣኑ ጋ?

መልስ፦ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባለው ራሱን ችሎ የለም። በአዋጅ 1263/2014 ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዷል። የዋጋ ስምምነትና ውህደት ወደዚያ ነው። ደረሰኝ መከልከልን፣ ሸቀጥ መደበቅን የመሰለውን እዚሁ ባሕር ዳር ለንግድ ቢሮው አመልክት። ቀኑን፣ የተጠራልህን ዋጋ፣ የተባለውን ቃል ዛሬውኑ ጻፈው። የቀነሰልህ ሰውዬ በስልክ የላከልህ መልእክት ካለ እንዳትሰርዘው።