በኦቶካድ የተሰጠው የመስመር ውፍረት ፕሪንት ላይ ለምን አይወጣም?

እህታችን የጠየቁት ይህ ነው፦ በኦቶካድ (በኮምፒውተር የፕላን መሣያ ፕሮግራም) የግድግዳውን ሌየር (መስመሮች በዓይነት የሚመደቡበትን ንብርብር) ላይንዌይት፣ ማለትም የመስመር ውፍረት፣ 0.50 ሚሊ ሜትር አድርገውት ሳለ ስክሪኑ ላይ ለውጥ አይታይም፤ በኤ3 ወረቀት ፕሪንት ሲደረግ ደግሞ ግድግዳውም፣ በሩም፣ የወለል ንጣፉም በአንድ ዓይነት ውፍረት ይወጣል። እኔ የምሠራው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርቡ የመኖሪያ ቤት ፕላኖችን ስለሆነ፣ ተስተካክለው እንዲታተሙ በሚመጡልኝ ፋይሎች ላይ ይህን ነገር ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሁለቱ ችግሮች አንድ ይምሰሉ እንጂ ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

የስክሪኑ ቀላል ነው። ኤል ደብሊው (LW) ብለው ጽፈው ኢንተር ሲመቱ በሚከፈተው መስኮት ውስጥ «ዲስፕሌይ ላይንዌይት» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ሆኖም ሞዴል (ሥዕሉ የሚሣልበት ገጽ) ውስጥ ውፍረቱ የሚታየው በፒክስል (በስክሪኑ ነጥቦች) ስለሆነ፣ ዙም ቢያደርጉ መስመሩ አብሮ አይወፍርም፤ ቀጫጭኖቹም እርስ በርሳቸው አይለዩም። በዚያው መስኮት ያለው ተንሸራታች ማስተካከያ የሚለውጠው የሞዴሉን እይታ ብቻ ነው፤ ፕሪንቱን አይነካም። ትክክለኛውን ስፋት ማየት የሚቻለው ሌይአውት (ሥዕሉ ለወረቀት የሚዘጋጅበት ገጽ) ላይ ነው።

ዋናው ጉዳይ ፕሪንቱ ነው። ኦቶካድ 2000 እስኪመጣ ድረስ መስመር የራሱ የሆነ ላይንዌይት አልነበረውም፤ የብዕሩን ውፍረት የሚወስነው የመስመሩ ቀለም ነበር። ያ አሠራር ዛሬም በሲቲቢ (CTB) ፋይል፣ ማለትም እያንዳንዱ ቀለም እንዴት እንደሚታተም በሚወስነው ፋይል ውስጥ አለ። ሲቲቢ ለ255ቱ ቀለሞች ለእያንዳንዳቸው የህትመት ውፍረት ሊይዝ ይችላል፤ ከያዘ ደግሞ ሌየሩ ላይ የሰጡትን 0.50 ይሽረዋል። ስለዚህ የእርስዎ ሌየሮች በሙሉ ነጭ ከሆኑ፣ ሲቲቢው ደግሞ ለነጭ ቋሚ ውፍረት ከሰጠ፣ ሥዕሉ ሁሉ በዚያ በአንዱ ውፍረት መውጣቱ የግድ ነው። ፕሎት (የህትመት) መስኮቱ ላይ የተመረጠውን ሲቲቢ ከፍተው ሁሉንም ቀለሞች ይምረጡና ላይንዌይት በሚለው ቦታ «ዩዝ ኦብጀክት ላይንዌይት» የሚለውን ይስጧቸው። ከዚያ ይልቅ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን ሞኖክሮም ሲቲቢ መጠቀም ይቀላል፤ ቀለሙን ሁሉ ጥቁር አድርጎ ውፍረቱን ከሌየሩ ይወስዳል። ሲቲቢ ሳይመርጡ የሚያትሙ ከሆነ ደግሞ «ፕሎት ኦብጀክት ላይንዌይትስ» የሚለው ምልክት እንዳለበት ያረጋግጡ።

ሲቲቢው ሥዕሉ በሚቀመጥበት በዲ ደብሊው ጂ (DWG) ፋይል ውስጥ እንደማይቀመጥም ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ፍላሽ ይዘን ወደ ቃሊቲ ወይም ወደ ሳሪስ የምንሮጥ ሰዎች፣ ሥዕሉን ብቻ ወስደን ሲቲቢውን ቤት ትተነው ከሄድን የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር በራሱ ሲቲቢ ወይም ያለ ሲቲቢ ያትመዋል። ፒዲኤፍ አድርጎ መውሰድ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

አሁን ስለ ልኩ። 0.50 ለኤ3 ስህተት ነው አልልም፤ ግን ከዚያ በላይ እንዳይሄዱ እመክራለሁ። 1፡100 በሆነ ፕላን ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ ወረቀቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 10 ሳንቲ ሜትሩ የመጸዳጃ ቤት ክፍልፋይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መስመሩን 0.70 ቢያደርጉት፣ ከእያንዳንዱ ጠርዝ ግማሽ ግማሹ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ በክፍልፋዩ ሁለት መስመሮች መካከል የሚቀረው ነጭ ቦታ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ያንን ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ፈልገው አያገኙትም። እኔ በዚህ ስኬል የተቆረጠ ግድግዳን 0.35 ወይም 0.50፣ በርና መስኮትን 0.25፣ ልኬትና አክሲስን 0.18፣ የቤት ዕቃንና ንጣፍን 0.13 አደርጋለሁ። የልስን መስመር በ1፡100 ጨርሶ ባይሣል ይሻላል፤ 2 ሳንቲ ሜትር ልስን 0.20 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ከግድግዳው መስመር ጋር ተደርቦ ከማጥቆር በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

በኤ1 የተዘጋጀ ሌይአውት በኤ3 ላይ ሲታተም ሥዕሉ በግማሽ ያንሳል፤ የመስመሩ ውፍረት ግን አብሮ አያንስም። ደረጃውና ንጣፉ ጥላሸት መስሎ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፕሎት መስኮቱ ላይ «ስኬል ላይንዌይትስ» የሚለውን ምልክት ካደረጉበት ውፍረቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ይህ የሚሠራው ከሌይአውት ሲያትሙ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ 0.13 የነበረው ወደ 0.065 ስለሚወርድ፣ ኮፒ የሚደረግ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለኤ3 የተዘጋጀ ሌላ ሌይአውት መሥራት የተሻለ ነው።

ከእኔ በፊት የመለሱ አንድ ወንድማችን ግድግዳውን ፖሊላይን (እንደ አንድ የሚቆጠር የተያያዘ መስመር) አድርገው ዊድዝ (ስፋት) እንዲሰጡት መክረዋል። በዚህ አልስማማም። የፖሊላይን ዊድዝ የሚለካው በሥዕሉ አሃድ ነው፤ በሜትር ሲሣል 0.05 የተሰጠው በ1፡100 ላይ 0.50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል፤ ያው ፕላን በ1፡50 ሲታተም ግን 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በላዩ ላይ የሰጡት ላይንዌይትም በፕላን እይታ አይታይም። ለርዕስ ማስመሪያ ወይም ለወረቀቱ ፍሬም ይሁን፤ ለግድግዳ አይሁን። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ያለውን ቲክነስንም አይንኩት፤ እሱ መስመሩን ወደ ላይ የሚያስነሳ የቁመት ልክ ነው።

ሌየሩን ሲለውጡ አልታዘዝ የሚል መስመር ካለ፣ በራሱ ላይ ቋሚ ውፍረት ተሰጥቶታል ማለት ነው። ከኢንተርኔት የወረዱ የሶፋና የአልጋ ብሎኮች (ተዘጋጅተው እንደ አንድ ዕቃ የሚገቡ ሥዕሎች) በዚህ የታወቁ ናቸው። ሴትባይሌየር (SETBYLAYER) የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥተው መስመሮቹን ይምረጡና፣ ብሎኮችንም ይጨምር እንደሆነ ሲጠይቅዎ አዎ ይበሉት። ፒዲኤፉን በአዶቤ አክሮባት ሲያዩ ቀጫጭን መስመሮች ወፍረው ቢታዩዎትም ፋይሉን ለማስተካከል አይቸኩሉ፤ «ኢንሃንስ ቲን ላይንስ» የሚባል የማሳያ ምርጫ ስላለው፣ እሱን አጥፍተው እንደገና ይዩት።