የቀረጽኳቸው ነጋዴ ልጅ «ቪዲዮውን አጥፋ» አለችኝ፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ በአስጎብኝነት ሥራ እተዳደራለሁ። ውጭ ሀገር የሚኖር ወንድሜ ካሜራ ያለው ስማርት መነጽር ላከልኝ። ባለፈው ወር እንግዶች ይዤ ቅዳሜ ገበያ ስገባ፣ አንዲት በርበሬ ሻጭ እናት በዋጋ ሲከራከሩን ቀርጬ ሥራዬን በማስተዋውቅበት የቲክቶክ ገጽ ላይ ለቀቅሁት። ብዙ ሰው አየው። ልጃቸው ደውላ «እናቴ አፍራለች፣ አጥፋው» አለችኝ። ገበያ የሕዝብ ቦታ ነው ብዬ ተውኩት። መብቴ አይደለም ወይ? ለጥምቀትስ መቅረጽ እችላለሁ?

መልስ፦ ቪዲዮውን ዛሬውኑ ያጥፉት፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ያንብቡት።

መነጽሩን ማድረግዎ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጉዳዩ ያለው በምስሉ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የማንም ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ማንም ከፍቶ የሚያየው ገጽ በእኔ እምነት አደባባይ ነው።

የእርስዎ ክርክር የሚደገፈው በአንቀጽ 28 ነው። የሰውየው ታዋቂነት ወይም የያዘው የመንግሥት ሥልጣን፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸመ ነገር ወይም ሥነ ሥርዓት ሲሆን ፈቃድ አይጠየቅም። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ገበያውን በሙሉ ቀርጸው ሴትዮዋ በሕዝቡ መካከል ቢታዩ ኖሮ እኔም እደግፍዎ ነበር። እርስዎ ግን ፊታቸውንና ድምፃቸውን ከቅርብ ወስደው የሥራዎ ማስታወቂያ አደረጉት። አንቀጽ 28 እስከዚህ ድረስ ይሄዳል ብዬ አላምንም።

መነጽሩ ነገሩን የባሰ ያከብደዋል። ስልክ ወደ ፊቱ ሲነሳ ያየ ሰው ፊቱን ያዞራል፣ ወይም «ተው» ይላል። መነጽር ያደረገ ደንበኛ ፊት ለፊት ሲቆም ግን ማንም ሚዛኑን አያስቀምጥም። እርግጥ ነው፣ ሲቀረጽ የምትበራ ትንሽ መብራት በእነዚህ መነጽሮች ላይ ተገጥማለች። በቀትር ፀሐይ ማን ያያታል? ቢያያትስ ምን ማለት እንደሆነች ማን ነገረው? ዝምታ እንደ ፈቃድ እንዲቆጠር ከተፈለገ ሰውየው ቢያንስ እየተቀረጸ መሆኑን ማወቅ አለበት። እኚህ እናት አላወቁም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነጥብ ልምጣ። አንቀጽ 29 ባለ ምስሉ «ይቁም» ብሎ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ጥያቄው ወዲያውኑ ካልተፈጸመ ፍርድ ቤት የሞራል ካሳ ሊወስን ይችላል። ልጅቷ ከደወለችበት ቀን ጀምሮ ጊዜው በእርስዎ ላይ እየቆጠረ ነው። አንዳንድ ሰዎች በአንቀጽ 2116 የሞራል ካሳ ጣሪያ 1000 ብር መሆኑን ሰምተው ይዘናጋሉ። አንቀጽ 29 ግን ፍትሕ ሲያስገድድ፣ አድራጊው ከምስሉ ባገኘው ጥቅም ልክ ካሳ እንዲከፈልም ይፈቅዳል። ቪዲዮው እንግዶች አምጥቶልዎ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ከእነዚህ መነጽሮች ብዙዎቹ በድምፅ ሲጠየቁ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አላቸው፤ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት መነጽሩ የሚያየው ምስል ወደ አምራቹ ድርጅት ኮምፒውተር ይሄዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ ለሥራው የሚሰበስብ ሰው መጠንቀቅ ይኖርበታል። ስለዚህ እንግዶችዎንም ከጉብኝቱ በፊት ይንገሯቸው፤ መነጽሩን አውልቅ ካሉም ያውልቁ።

ጥምቀትን በተመለከተ፣ ታቦታቱን አጅቦ የሚሄደውን ሕዝብ፣ ካህናቱን፣ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚፈጸመውን ሥነ ሥርዓት መቅረጽ ይችላሉ። ይህ በአደባባይ የሚከበር በዓል ነው። ውኃው ውስጥ የሚዘሉት ወጣቶችም የሥነ ሥርዓቱ አካል ናቸው። ከውኃ ወጥታ ከዛፍ ጀርባ እርጥብ ልብሷን የምትቀይር ሴት ግን የበዓሉ ትዕይንት አይደለችም፤ እሷን የቀረጸ ሰው እኔ ዘንድ ለጥብቅና ባይመጣ ይሻላል። ሕፃን ብቻውን ጎልቶ የሚታይበትን ምስል ወላጁን ሳይጠይቁ አይልቀቁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገቡ ደግሞ አስቀድመው አገልጋዮቹን ያስፈቅዱ።

ቪዲዮውን ካጠፉ በኋላ ለልጅቷ ደውለው መጥፋቱን ይንገሯት፤ በጽሑፍ መልእክትም ይላኩላት፤ የመልእክቱ ቅጂ ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ሌሎች ገጾች ቪዲዮውን ወስደው ለቅቀውት ከሆነ እንዲያነሱት ለእያንዳንዳቸው ይጻፉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ መነጽሩን ሳያደርጉ እናትዮዋ ዘንድ ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ። ቤተሰቡ ክስ ቢመሠርት ይህን ሁሉ ማድረግዎ ዳኛው ፊት ይጠቅምዎታል፤ እስካሁን የተለዋወጣችሁትን መልእክት ግን አንዱንም አያጥፉ።