መልስ፦ እድራችን ወደ ስልክ መግባቱ ጉርብትናን ያቀዘቅዛል ወይ?

እህቴ፣ ሐዋሳ ያለው እድራችሁ መዋጮውን በቴሌብር፣ ማስታወቂያውን በቴሌግራም ካደረገ ወዲህ ሰው ተራርቋል፤ ወደ ድሮው እንመለስ ወይ ብለሻል። እኔም የምኖረው ታቦር አካባቢ ነው። የእኛም እድር በዚሁ መንገድ አልፏል።

መዋጮውን አትንኩት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ ገንዘብ ያዣችን ደብተር ይዘው በየቤቱ መዞር ቀርቶላቸዋል። ስማርት ስልክ የሌለውም በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይከፍላል።

ችግሩ ያለው ለቅሶው ላይ ነው። የአንዲት ጎረቤታችን ባለቤት ያረፉ ጊዜ ግሩፑ በ«ነፍስ ይማር» ተጥለቀለቀ። ማታ ድንኳኑ ስገባ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ሰዉ መልእክት ሲልክ ለቅሶ የደረሰ መስሎት ቤቱ ቀርቷል። ከማዶ ያሉት እማማ ደግሞ ስልካቸው ቴሌግራም የለውም። በሦስተኛው ቀን ነው የሰሙት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው «እኔን ሰው ረሳኝ?» አሉ። ያቺ ቃል እስካሁን ታመኛለች።

ከዚያ ወዲያ ጥሩምባውን መለስነው። ግሩፑ ላይ የሚጻፈው የቀብሩ ሰዓት፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል፣ ማን ከሐዘንተኛ ጋር እንደሚያድር ብቻ ሆነ። ሐዘን የሚገለጸው በአካል ነው። ወርሃዊውን ስብሰባም ወደ ስልክ አትውሰዱት፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቸገረው የሚሰማው እዚያ ቡናው ላይ ነው።

ዓረብ አገር ያሉትን ልጆቻችሁን ግን ከግሩፑ እንዳታስወጧቸው። እነሱ ለቅሶ የሚደርሱት በዚያች ስልክ ነው።