የመኝታ ቤት በር እጀታ መቀየር
እጀታው ተንጠልጥሏል፣ ባለሙያ ልጥራ ወይ ላልሽው፦ እህቴ፣ ራስሽ ትችያለሽ። ካቻቪቴ ይበቃል። መጀመሪያ ብሎኖቹን አጥብቂያቸው፤ አንዳንዴ ችግሩ የላላ ብሎን ብቻ ነው።

ካልሆነ፣ አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ከእጀታው መሃል እስከ ቁልፍ ቀዳዳው መሃል ያለውን ለኪ። ብዙ ጊዜ 72 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ ካልገጠመ የፈለገ ቢያምር አይሆንሽም። አሮጌውን ፈትተሽ ይዘሽው ብትሄጂ ደግሞ የተሻለ ነው። ሁለቱን እጀታዎች የሚያገናኘውን ባለአራት ማዕዘን ብረትም እይው። ጠርዙ ተበልቶ ከሆነ እጀታው ይሽከረከራል እንጂ በሩን አይከፍትም።

ስትገጥሚ ብሎኖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቂ። አንዱን ብቻ ጥርቅም ካደረግሽው እጀታው ይይዛል፣ ወደ ቦታው አይመለስም። ደግሞ አደራ፣ በሩን ሳትዘጊ ሞክሪው፤ እምቢ ካለ ውስጥ ተቆልፈሽ ትቀሪያለሽ።