የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማውስ ሲያስቸግር

ጥያቄ፦ አዘዞ ውስጥ ከመንገድ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ቤት ድረስ ዘልቆ ዕቃውን ሁሉ ያለብሰዋል። የአንደኛው ማውስ ጠቋሚ ቀስት እየተንቀጠቀጠ በፈለግሁት ቦታ አልቆም ይላል፤ የሌላኛው ስክሮል ገጹን ወደ ታች ሳወርደው ወደ ላይ ይዘላል፤ ሦስተኛው አንድ ጊዜ ስጫነው ሁለት ጊዜ እንደ ተጫንሁት ቆጥሮ ፋይል ይከፍታል። በእጅ ሳኒታይዘር ብወለውላቸውም ለውጥ አላየሁም። ልጣላቸው ወይስ ይድናሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጽዳት የመዳን ተስፋቸው ሰፊ ነው፤ ሦስተኛው ግን የቱንም ያህል ቢጸዳ አይስተካከልም።

በቀስቱ መንቀጥቀጥ እንጀምር። የዛሬ ማውስ ከሥሩ ጠረጴዛው ላይ ብርሃን እያሳረፈ፣ በሰከንድ ከአንድ ሺህ በላይ ጥቃቅን ምስሎችን ያነሣል፤ አንዱን ምስል ከቀጣዩ ጋር በማነጻጸርም እጅዎ ወዴት እንደ ሄደ ያውቃል። ስለዚህ በቀዳዳው ላይ የተጋደመች አንዲት ፀጉር እንኳ ታሳስተዋለች። ሆኖም ማውሱን ከመንካትዎ በፊት የተቀመጠበትን ይመልከቱ። በብዙ የጽሕፈት ቤቶች የዋጋ ዝርዝር ከሥሩ የተደረገበት መስታወት ጠረጴዛውን ይሸፍነዋል፤ በመስታወት ላይ ደግሞ ምስል የሚያነሣው ሴንሰር የሚያነጻጽረው ነገር አያገኝም። ነጭ ወረቀት አንጥፈው ሲሞክሩት መንቀጥቀጡ ከቆመ ጥፋቱ የማውሱ አይደለም። ካልቆመ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉና ቀዳዳውን በአየር መንፊያ ያራግፉ፤ በአፍ መንፋት ምራቅ ስለሚያስገባ አይመከርም። ከዚያም አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ቀስ ብለው ይጥረጉት። ከሥሩ ባሉት ለስላሳ እግሮች ዙሪያ የሚጋገረውን ጥቁር እድፍ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ፍቀው ያንሡ።

ሳኒታይዘሩን ግን ይተዉት። እጅ እንዳይደርቅ ተብሎ የሚጨመርበት ግሊሰሪን አልኮሉ ከተነነ በኋላ የሚያጣብቅ ቅሪት ስለሚተው፣ የአዘዞን አቧራ ይብሱን ይሰበስባል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አያንጠባጥብ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ የሚገኘው አሴቶን ፕላስቲኩን ስለሚያሟሟ አያስጠጉት።

ስክሮሉ የሚዘለው ብዙ ጊዜ አቧራና ፀጉር በዘንጉ ላይ ስለሚጠመጠም ነው። በአንዳንድ ማውሶች የስክሮሉ መዞር የሚታወቀው በጎማው ክፍተቶች መካከል በሚያልፍ ብርሃን በመሆኑ፣ ቆሻሻ ብርሃኑን ሲጋርድ ቆጠራው ይዛባል። በመጀመሪያ እያሽከረከሩ አየር ይንፉበት። ካልተሻለው በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታል፤ ብሎኑ ካልታየዎት ከእግሮቹ ወይም ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ተደብቆ ስለሚሆን፣ እግሮቹን ተመልሰው እንዲጣበቁ ተጠንቅቀው ይላጡ። ጎማውን አውጥተው ማጠብ ይችላሉ፤ ሳይደርቅ ግን አይመልሱት።

ሦስተኛው ማውስ ያረጀበት ከቁልፉ ሥር ያለችው ትንሿ ማብሪያ ናት። በውስጧ ያለው ስስ የብረት ምላስ ሲዳከም አንዴ ሲጫኑት ነጥሮ ሁለት ጊዜ ይነካል። በዊንዶውስ የድርብ ክሊክ ፍጥነትን መቀየርም አይፈታውም፤ በሁለቱ ንክኪዎች መካከል ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነውና። መድኃኒቱ ማብሪያዋን መለወጥ ነው። ሊድ መበየድ የሚችል ባለሙያ ካገኙ፣ የቀኝ ቁልፍ ብዙም ስለማይሠራበት ከሌላ የተበላሸ ማውስ የቀኙን ነቅሎ ሊተክልልዎ ይችላል። ማውሱ ርካሽ ከሆነ ግን የእጅ ዋጋው ከአዲስ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በእኛ አስተያየት ለመለዋወጫ ማስቀመጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ። ክረምቱን ቤተሰብ ዘንድ ከርሜ ስመለስ፣ ገመድ አልባው ማውሴ ባትሪው ፈስሶ ነጭ ዱቄት ሠርቶ አገኘሁት።

መልስ፦ የአልካላይን ባትሪ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርገህ ባትሪውን አውጣ። ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ በነካ ጥጥ ዱቄቱን ጥረገው፤ አሲዱ ፈሳሹን ያረክሰዋል። ቀጥሎ በአልኮል አጽዳና እስኪደርቅ ጠብቅ፤ የብረቱ መንኪያ ዝጎ ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈትገው። በሚቀጥለው ክረምት ከመሄድህ በፊት ባትሪውን አውጥተህ ለየብቻ አስቀምጣቸው።