ብርቱካኔ ለምን ኮመጠጠ? ከጅማ ጓሮዎች የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ብርቱካኔ ድሮ ማር ነበር። አሁን ግን ግማሹ ቅርንጫፍ የሚያፈራው አፍ የሚያጨማድድ ነው። አረጀ እንዴ? (ከቆጪ)

አላረጀም እህቴ፣ ቤቱን ተቀምቷል። የተዳቀለ ችግኝ ሥሩ አንድ ዓይነት፣ ላዩ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሥር እንዲሆን የሚመረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ግን ጠንካራ ዘመድ ስለሆነ፣ ከመጋጠሚያው በታች ያቆጠቆጠውን ዝም ካልሽው ሽቅብ ወጥቶ ዋናውን ያፍነዋል። ግንዱን ወደ ታች እዪው፤ ጠባሳ ወይም እብጠት የመሰለ ነገር ታገኛለሽ። ኮምጣጣው ከዚያ በታች ከተነሳ ከመነሻው ቁረጪው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት ዓመት «ብርቱካን» እያልኩ ውኃ ያጠጣሁት ሥሩን ብቻ ነበር፤ ዋናው ከሞተ ቆይቷል። አሁን ሰላጣ ላይ እንጨምቀዋለን።

ጥያቄ፦ ልጣጩ አረንጓዴ ነው። ለቅሜ እንደ ሙዝ ቤት ላብስለው?

ኧረ ተው! ሙዝ ከወረደም በኋላ ይበስላል፤ ብርቱካን ግን ከዛፉ ከወረደ ጣፋጭነት አይጨምርም። በቀለሙም አትሸወድ። ልጣጩን ቢጫ የሚያደርገው የሌሊት ቅዝቃዜ ነው፤ ሙቀት ባለበት አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ በደንብ የበሰለ ብርቱካን ሞልቷል። አንዱን ቆርጠህ ቅመስ፤ ከኮመጠጠ ሁለት ሳምንት ታግሰህ ሌላ ቅመስ። ሌላ ዘዴ የለውም። መንደሪንም እንደዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዩሪያ ነፍጌው አላውቅም፤ ፍሬው ግን ልጣጩ ወፍራም፣ ውስጡ ደረቅ ነው።

እማማ፣ ጥፋቱ እኮ አለመንፈግዎ ነው! ዩሪያ ሲበዛ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፣ ልጣጩም ይወፍራል። ለጊዜው ይተዉትና የበሰበሰ ፍግ ወይም በደንብ የተብላላ የቡና ገለፈት ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ሥር ይበትኑለት። ግንዱን ግን አያስነኩት፣ ይበሰብሳል። ጅማ ክረምቱን ዝናብ አይቸግራትም፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው ፍሬውን የሚያደርቀው። በየቀኑ አንድ ጆግ ከማፍሰስ በሳምንት አንዴ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ደግሞ ከበሰለ በኋላ ዛፉ ላይ ብዙ የቆየም ይደርቃል፤ ለእንግዳ ብለው አያቆዩት።

ጥያቄ፦ ቅጠሉም ፍሬውም ላይ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ወጥቶ ይረግፋል።

ፈንገስ ይመስላል፤ እንደኛ እርጥብ አገር ይመቸዋል። የረገፈውን ሁሉ ለቅመህ አቃጥል፣ መሀሉን አሳሳና አየር ይግባው። ከዚህ ጓሮ ችግኝ ለጎረቤት እንዳትሰጥ። መድኃኒት ከመግዛትህ በፊት ግን መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቅጠሉን ወስደህ አሳያቸው።

ጥያቄ፦ ከዘር ብተክልስ?

ሰባት ስምንት ዓመት መጠበቅ ከቻልክ ትከል። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ያቀምስሃል።